የአገርን ገጽ በወረቀት ላይ ስለ ማንበብ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ በሚገባ አስረድተዋል። እኔ የምናገረው ግን በጂኦግራፊ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለሚኖር አንድ ወረቀት ነው። ሁላችንም በየቀኑ በአጠገቡ እናልፋለን፤ ቆም ብሎ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። ይኸውም የመሬት አቀማመጥ ካርታ ነው።

ይህን ርእስ የመረጥሁት ዕውቀቴን ለማሳየት አይደለም። እንዲያውም አላዋቂነቴን ለመናዘዝ ነው። ባለፈው ዓመት ካርታ ይዤ፣ ካርታ ሳላነብ፣ አንድ ታናሽ ወንድማችንን ለሞት አድርሼ ነበር። ታሪኩን በቦታው እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ካርታ ምንነት ጥቂት ላስረዳ፤ ይህ ካልታወቀ ጥፋቴም በሚገባ አይታወቅምና።

ካርታ ማለት ሰፊውን ምድር በትንሽ ወረቀት ላይ በልክ አሳንሶ ማሳየት ነው። «በልክ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ሠዓሊ ተራራውን አሳንሶ ዛፉን ቢያተልቅ የሚወቅሰው የለም። ካርታ የሚሠራ ሰው ግን ሁሉን ነገር በአንድ መስፈርት ማሳነስ አለበት። በክፍላችን ግድግዳ ላይ ያለው ካርታ መስፈርቱ 1 ለ50,000 ነው። ይህም ማለት በወረቀቱ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነው በምድር ላይ 50,000 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት 500 ሜትር ነው። እንግዲህ ሁለት ሳንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚህ መስፈርት የተሠራው አንድ ሉህ በቁመትም በወርድም የዲግሪ ሩብ ይሸፍናል። በእኛ አገር ይህ ወደ 27 ኪሎ ሜትር ተኩል ስለሚጠጋ ሥዕሉ በወረቀት ላይ 55 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ማለዳ ተነሥቶ የሚገሠግሥ ጠንካራ መንገደኛ ቀኑን ሙሉ የሚጓዝበት አገር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይታያል ማለት ነው።

ጠማማ መንገድን ለመለካት ከባድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከእናቶቻችን የስፌት ሣጥን አንድ ክር መውሰድ ይበቃል። ክሩን በመንገዱ ጥምዝ ላይ ቀስ እያሉ አስተኝቶ፣ ከዚያ ቀጥ አድርጎ በማስመሪያ መለካት ነው።

በካርታው ላይ ያሉት ቀለሞችም ያለ ምክንያት የተቀቡ አይደሉም። ሰማያዊው ውኃን ያሳያል፤ አረንጓዴው ደንን፤ ጥቁሩ ቤትንና ስምን ያመለክታል። የቀረው ቡናማው ነው። ብዙ ተማሪ፣ እኔም ጭምር፣ ቡናማውን መስመር እንደ ሸረሪት ድር ቆጥረን እናልፈው ነበር። የካርታው ትልቁ ምሥጢር ግን ያለው በእርሱ ላይ ነው። ይህ የከፍታ መስመር ይባላል፤ በፈረንጅ ቃል ኮንቱር የሚሉት ነው።

የከፍታ መስመር ምን እንደሆነ ለመረዳት በቤታችሁ ሊደረግ የሚችል አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። በሳፋ ውስጥ ከሸክላ ጭቃ አንድ ትንሽ ተራራ ሥሩ፤ አንዱን ጎኑን ቀጥ ያለ፣ ሌላውን ጎኑን ዘንበል ያለ አድርጉት። ጭቃው ሲጠነክር አንድ ጣት ያህል ውኃ አፍሱበትና ውኃው የደረሰበትን ዳር በስንጥር ዙሪያውን አስምሩ። ደግሞ አንድ ጣት ጨምሩና አስምሩ። ጫፉ እስኪሰጥም ድረስ እንዲህ ብታደርጉ፣ ከዚያም ውኃውን ደፍታችሁ ከላይ ወደ ታች ብትመለከቱ ተራራው ቀለበት በቀለበት ተከብቦ ታገኙታላችሁ። በቀጥተኛው ጎን ቀለበቶቹ ተጠጋግተዋል፤ በዘንባላው ጎን ተራርቀዋል። የከፍታ መስመር ከዚህ የተለየ አይደለም። በአንድ መስመር ላይ ያለው ሥፍራ ሁሉ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው እኩል ነው። በግድግዳችን ባለው ሉህ ላይ ከአንዱ መስመር እስከ ሌላው 20 ሜትር ከፍታ አለ፤ አምስተኛው ሁሉ ወፈር ብሎ ስለ ተሰመረ በወፍራሞቹ መካከል ያለው ልዩነት 100 ሜትር ነው።

ከዚህ በኋላ ንባቡ ቀላል ነው። መስመሮቹ ከተራራቁ መስክ ነው፤ በሬ ይጠመድበታል። ከተጠጋጉ ዳገት ነው። እስኪነካኩ ድረስ ከተደራረቡ ገደል ነው። መስመሩ በወንዝ ላይ ሲያልፍ እንደ ቀስት ጫፍ ይሾልና ጫፉ ወደ ወንዙ መነሻ፣ ወደ ላይ ያመለክታል። በተረተር ላይ ሲያልፍ ግን ጫፉ ወደ ቆላው፣ ወደ ታች ያመለክታል። አምባ የሆነ እንደሆነ በዙሪያው መስመሮቹ እንደ አጥር ተጨናንቀው ይታያሉ፤ መካከሉ ግን ባዶ ነው። የአባቶቻችን ምሽግ የነበረውን አምባ የሚያህል በካርታ ላይ በቶሎ የሚለይ ነገር የለም።

የዳገቱንም ጽናት በቁጥር ማወቅ ይቻላል። በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ አሥር መስመር ቢያልፍ፣ በ500 ሜትር ርቀት ላይ 200 ሜትር ከፍታ አለ ማለት ነው። ከመቶ ሜትር አርባ ሜትር መውጣት ነውና ጭነት የያዘ በቅሎ እንኳ ያቅተዋል።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ ልመለስ።

ባለፈው ዓመት መስከረም መጨረሻ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ስምንት ሆነን ከሸለቆው ማዶ ወዳለ አንድ መንደር በእግራችን ሄድን። የጉዞው መሪ እኔ ነበርሁ። ከታናናሾቹ መካከል የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ አንድ ወንድማችን ነበረ፤ ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጦ ይስቅብኛል። ካርታውን አውጥቼ ለካሁ። በመንገዱ ብንሄድ በክር አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር፣ ማለት አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። በቀጥታ ብናቋርጥ ግን ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ፣ ማለት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ሆነ። ጓደኞቼን «ይኸው፣ አራት ኪሎ ሜትር አተረፍሁላችሁ» አልኋቸው። የሚቃወም አልነበረም። በመካከሉ ያለውን ቡናማ መስመር ግን አልቈጠርሁም።

ጉም ነበረ። በሜዳው ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል በደስታ እየዘፈንን ሄድን። ታናሹ ወንድማችን ከሁላችን ቀድሞ ይሮጥ ነበር። በድንገት በስተ ግራችን ከጉሙ ውስጥ የአንድ ልጅ ጩኸት ሰማን።

«ጋሼ! ቁሙ! ቁሙ! ከዚያ ወዲያ ምድር የለም!»

ቆምን። ቀድሞ የነበረው ልጅ ግን ቶሎ ሊቆም አልቻለምና እርጥብ ሣር አዳልጦት ወደቀ። ስንደርስ አንድ ቁጥቋጦ ይዞ እግሮቹ ከወገቡ በታች በባዶ ላይ ተንጠልጥለው አገኘነው። እጁን የያዘው አስቀድሞ የደረሰው እረኛ ነው፤ ከአሥር ዓመት የሚበልጥ አይመስልም። ሁላችን ተረባርበን ሳብነው። ማንም አልተናገረም። ጥቂት ቆይቶ ጉሙ ተከፈተና ከታች የወንዙን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ወንዙን ራሱን አየነው፤ እንደ ነጭ ክር ቀጥኖ።

ያን ጊዜ ተቀምጬ ካርታውን ዘረጋሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ሥፍራ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ውስጥ አሥራ ሁለት ቡናማ መስመሮች ታጭቀዋል። አሥራ ሁለት ጊዜ ሃያ 240 ሜትር ነው፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ደግሞ 250 ሜትር ነው። ወደ ፊት የምንራመደውን ያህል ወደ ታች ልንወርድ ነበር ማለት ነው። ካርታው አልዋሸኝም። ማስጠንቀቂያውን አሥራ ሁለት ጊዜ ጽፎልኝ ነበር፤ ያላነበብሁት እኔ ነኝ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላሉ አበው፤ እኛ ልናፈስ የነበረው ግን የሚለቀም ነገር አልነበረም።

እረኛውን «ይህ ሥፍራ ስሙ ማን ይባላል?» ብለን ጠየቅነው። «አይወርዱሽ ነዋ!» አለን፤ እንዴት ይህን አታውቁም በሚል ፊት እየተመለከተን። በካርታው ላይ በዚያ ሥፍራ ምንም ስም አልተጻፈም። አሥራ ሁለቱ መስመሮች የሚናገሩትን አባቶቻችን በአንድ ቃል ተናግረውት ነበር።

የተከበራችሁ እንግዶች፤

የካርታ ስሕተት በስምንት ተማሪዎች ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ ታላላቅ ጦሮችንም አሳስቷል። ሁላችንም የምናከብረው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ለዚህ ምስክር ነው። የኢጣልያው አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ጦሩን በሌሊት አስጉዞ፣ ከአድዋ በስተ ምሥራቅ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ሦስቱን ብርጌዶች ጎን ለጎን ሊያሰልፍ፣ አራተኛውንም በስተ ኋላ ሊያቆም አስቦ ነበር። ለአዛዦቹ የታደላቸው ግን በሚገባ ያልተለካ ንድፍ ነበረ። በንድፉ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ የተጻፈበት ኮረብታ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት አልነበረም። የግራው ክንፍ አዛዥ ጄኔራል አልቤርቶኔ በንድፉ ወደ ተመለከተው ሥፍራ በደረሰ ጊዜ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደ ፊት መሆኑን ነገሩት። እርሱም ስሙን ተከትሎ ብዙ ኪሎ ሜትር ቀደመና ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ፊት ገባ። የቀኙ አዛዥ ጄኔራል ዳቦርሚዳም ሊረዳ ሲሄድ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ወረደ። በዚህ ዓይነት ጦሩ በተረተርና በሸለቆ ተከፋፍሎ ክፍል ክፍሉ ለየብቻው ተመታ። አልቤርቶኔ ተማረከ፤ ዳቦርሚዳና የመካከሉ አዛዥ አሪሞንዲ ሞቱ።

ድሉ የካርታ ስሕተት ውጤት ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲህ ብል የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን ደም ማቃለል ይሆንብኛል። የምለው ይህን ነው፤ አንደኛው ወገን አገሩን ያውቅ ነበር፤ ሌላው አገሩን የሚያውቅ መስሎት ነበር። በአንድ ኮረብታ ላይ የተሳሳተ ስም መጻፍ የሺህ ሰው ሕይወት ያስከፍላል።

ካርታ ግን ለጦርነት ብቻ አይደለም፤ ለልማት ይበልጥ ያስፈልጋል። ታላቁን የአባይ ግድብ እንውሰድ። ሐይቁ መሞላት የጀመረው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ነው፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሐይቁ ሲሞላ ውኃው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 640 ሜትር ይደርሳል። ከግድቡ በፊት የተሠራውን የዚያን አገር ካርታ ብትዘረጉ በሥፍራው የምታገኙት ሐይቅ ሳይሆን ሸለቆ ነው። ነገር ግን የ640 ሜትሩን መስመር በጣታችሁ ተከትላችሁ፣ ከእርሱ በታች ያለውን ሁሉ በሰማያዊ እርሳስ ብትቀቡት ሐይቁ ሳይኖር የሐይቁን መልክ ታያላችሁ። የትኛው ጉብታ ደሴት እንደሚሆን፣ ውኃው በየትኛው ገባር ወንዝ ውስጥ እንደ ጣት እንደሚገባ፣ ማን ከቤቱ መነሣት እንዳለበት አስቀድሞ ይታወቃል። በሳፋው ውስጥ ያደረግነው ሙከራ ይኸው በአገር መጠን ተደገመ ማለት ነው።

ካርታ የአየሩንም ጠባይ ይናገራል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር ሰው ከደጋው አፋፍ ተነሥቶ ወደ አባይ ድልድይ ሲወርድ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል። በየሺሁ ሜትር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚለወጥ ካባ ለብሶ የተነሣው መንገደኛ ከወንዙ ሲደርስ ሸሚዝ ይከብደዋል። ከዚያ ደግሞ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ይወጣል። የሁለቱ ከተሞች ርቀት በቀጥታ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ አርባ ይጠጋል። እንግዲህ መስመሮቹን የሚያነብ ሰው ስንዴ የት፣ ጤፍ የት፣ ማሽላ የት እንደሚበቅል ሳይሄድ ሊገምት ይችላል።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ዛሬ ሁሉም ሰው የእጅ ስልክ ይዟል፤ ካርታ ማንበብ ምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስልኩ የቆምንበትን ሥፍራ በቁጥር ይነግረናል። ነገር ግን ሁለት ነገር አስታውሱ። የመጀመሪያው፣ ባትሪው ያለቀ ስልክ ከድንጋይ አይሻልም። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የቀድሞዎቹ የአገራችን ካርታዎች የተለኩት አዲንዳን ከሚባለው የልክ መነሻ ነው። ስልካችን ግን የሚቆጥረው ለዓለም ሁሉ በወጣ በሌላ መነሻ ነው። ስለዚህ የስልኩን ቁጥር ወስደን በቀድሞው ካርታ ካሬዎች ላይ እንዳለ ብናስቀምጠው ከእውነተኛው ሥፍራ ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንስታለን። በወረቀት ላይ አራት ሚሊ ሜትር ነው። በአይወርዱሽ አፋፍ ግን ሁለት መቶ ሜትር በሕይወትና በሞት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ስለ አቅጣጫም አንድ ቃል ልጨምር። በፈረንጅ አገር የተጻፉ መጻሕፍት የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ያመለክታል ብለው ያስተምራሉ። ይህ ለእነርሱ እውነት ነው። በእኛ አገር ግን ከሚያዝያ መግቢያ ገደማ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ ከራሳችን በስተ ሰሜን ስለምታልፍ የስድስት ሰዓት ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል። መጽሐፉን ብቻ አምኖ በግንቦት የሚጓዝ ሰው ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ይሄዳል። ስለዚህ ካርታ ስትዘረጉ በዓይናችሁ የምታውቋቸውን ሁለት ኮረብታዎች ፈልጉና ወረቀቱን ከእነርሱ ጋር እስኪገጥም አዙሩት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለ፣ ከመጓዝም በፊት ቆሞ መመልከት ይቅደም።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት አንድ ሐሳብ ላቅርብ።

ከዚያ ቀን በኋላ እኔና ጓደኞቼ ያንን ሉህ በመስተዋት ፊት እንደሚቆም ሰው ደጋግመን ተመለከትነው። በአካባቢያችን ካሉት ጅረቶች፣ ጉብታዎችና በሮች አብዛኞቹ ስም አልተጻፈባቸውም። መስመሮቹ ሁሉ አሉ፤ ስሞቹ ግን የሉም። ስሞቹ ያሉት ዛሬ በፊታችን በተቀመጣችሁት አባቶችና እናቶች አፍ ላይ ነው፤ እንዲሁም ትምህርት ቤት ባልገባው በዚያ እረኛ አፍ ላይ ነው። መስመር የሚሰምረው መሐንዲስ ከሩቅ አገር ሊመጣ ይችላል፤ ስም የሚያውቀው ግን የአገሩ ሰው ብቻ ነው። ስሙን ሳይጠይቁ መጻፍ ምን እንደሚያስከትል ከአድዋ ተምረናል።

ስለዚህ ከእኛ በኋላ የምትቀሩት ታናናሾቻችን በየበዓሉ ዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ አያቶቻችሁን ጠይቁ። የምንጩን፣ የገደሉን፣ የመሻገሪያውን ስምና ስሙ የወጣበትን ምክንያት በደብተራችሁ ጻፉ፤ ተመልሳችሁም በግድግዳው ካርታ ላይ በእርሳስ በየሥፍራው አስገቡት። እናንተም ወላጆቻችን ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ «ይህ ምን ያደርግልሃል?» ብላችሁ አትመልሷቸው። እኔ በበኩሌ የመጀመሪያውን ስም ትናንት ማታ በርእሰ መምህራችን ፈቃድ ጽፌዋለሁ። አሥራ ሁለቱ መስመሮች በተጨናነቁበት ሥፍራ «አይወርዱሽ» የሚል ቃል ታገኛላችሁ። የእጅ ጽሕፈቴ ጥሩ ስላልሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ያን እረኛ በተመለከተ፣ በጥር ወር ከጓደኞቼ ጋር ሄደን አባቱን አነጋገርናቸው። አባቱም «ከብቱን ማን ይጠብቃል?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ብንመለስም ነገሩን አልተውነውም፤ መምህራኖቻችንም እንደገና ሊያነጋግሯቸው ቃል ሰጥተውናል። በጉም ውስጥ ምድር የት እንደምታልቅ የሚያውቅ ልጅ በዚህ ግድግዳ ፊት ቆሞ መስመሮቹን ቢያነብ ከእኔ የተሻለ ተማሪ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ተከብሮ እንዲኖር፣ ተማሪዎቹም አገራቸውን በእግራቸውና በዓይናቸው፣ በወረቀትም ላይ የሚያውቁ እንዲሆኑ እመኛለሁ።